የመርከበኞች ቃላትና አባባሎች ከየት መጡ? የሚነገሩ የምንጭ ታሪኮችን የማጣሪያ መመሪያ

«ኤስ ኦ ኤስ ማለት ‹ነፍሳችንን አድኑ› ማለት ነው የሚባለው እውነት ነው?» «ፖሽ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከመርከብ ቲኬት ላይ የተወሰደ ነው የሚሉት ልክ ነው?» እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ከተርጓሚዎች፣ ከእንግሊዝኛ መምህራን፣ ባሕር ዳር ላይ ለመርከብ ሥራ ከሚሠለጥኑ ወጣቶችም በየጊዜው ይደርሱኛል። አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ስለሚከተል፣ በየአባባሉ መልስ ከመስጠት ይልቅ እርስዎ ራስዎ የሚያጣሩበትን አካሄድ በቅደም ተከተል መጻፉ ይሻላል ብያለሁ። ክርክሩ የበዛው በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ስለሆነ አብዛኞቹ ምሳሌዎች ከዚያው የተወሰዱ ናቸው፤ ቀይ ባሕርንና ዐረብኛን የሚነካው ጉዳይ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ይገኛል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ማስታወሻ ደብተር ወይም የኤክሴል ሠንጠረዥ። አምስት ዓምዶች ይኑሩት፦ አባባሉ፣ ስለ ምንጩ የሚነገረው ታሪክ፣ አባባሉ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘበት ዓመት፣ ታሪኩ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘበት ዓመት፣ ውሳኔ።

• ታሪካዊ መዝገበ ቃላት። ለእንግሊዝኛ ዋናው የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ነው፤ እያንዳንዱን ፍቺ ዓመት ከተጻፈባቸው ጥቅሶች ጋር ስለሚያቀርብ ለዚህ ሥራ ተራው የኪስ መዝገበ ቃላት አይተካውም። በክፍያ የሚገኝ ቢሆንም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ይከፍታሉ፤ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ በአብዛኛው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርዳቸው ሊገቡበት ይችላሉ።

• የቆዩ የባሕር መዝገበ ቃላት፣ በተለይ በ1769 የታተመው የዊልያም ፋልኮነርና በ1867 የታተመው የአድሚራል ዊልያም ስሚዝ። የባለቤትነት መብታቸው ጊዜው ስላለፈ ሁለቱም በነፃ ይነበባሉ።

• የድሮ ጋዜጦች ክምችት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ»፣ የአውስትራሊያው «ትሮቭ» እና የኒው ዚላንዱ «ፔፐርስ ፓስት» ያለ ክፍያ ይከፈታሉ።

• ካልኩሌተር። ለምን እንደሚያስፈልግ አራተኛው ደረጃ ላይ ይታያል።

ከመጀመርዎ በፊት ልብ ይበሉ

የእንግሊዝኛ ቃላት አጥኚዎች በቀልድ የፈጠሩት «ለሁሉም ነገር የባሕር ምንጭ ሰጪ ኮሚቴ» የሚባል ምናባዊ ማኅበር አለ፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደሎች በእንግሊዝኛ ሲገጣጠሙ «ታንኳ» የሚል ቃል ይወጣቸዋል። ቀልዱ የተፈጠረው የባሕር ታሪኮች ከሌሎች ይልቅ ሲበዙና ሲጣፍጡ ስላዩ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የባሕር ታሪክን ሁሉ ተረት ማለትም ያው ስሕተት ነው፤ ከዚህ በታች ሁለት አባባሎች ፈተናውን አልፈው በእርግጥም የመርከበኞች ሆነው ያገኟቸዋል።

ደረጃ 1፦ የሚነገረውን ታሪክ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ይከፋፍሉት

ታሪኩን እንደሰሙት በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከዚያም ሊረጋገጡ ወደሚችሉ ትናንሽ ክፍሎች ይሰንጥቁት። ለምሳሌ እንግሊዞች ከባድ ብርድን «የናስ ጦጣን የወንዴ ፍሬ የሚያረግፍ» ይሉታል። ስለ ምንጩ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በድሮ የጦር መርከቦች ላይ የብረት አሎሎዎች የሚደረደሩበት «ጦጣ» የሚባል የናስ ትሪ ነበረ፤ ብርድ ሲበረታ ናሱ ከብረቱ ይልቅ ስለሚኮማተር አሎሎዎቹ እየተንከባለሉ ይወድቁ ነበር። በእንግሊዝኛ የአሎሎውና የወንዴ ፍሬው መጠሪያ አንድ መሆኑ ለታሪኩ ማጣፈጫ ሆኖታል። ይህ ሲሰነጠቅ አራት ጥያቄ ይወጣዋል፦ (ሀ) እንዲህ ያለ የናስ ትሪ በመርከብ ላይ ነበረ ወይ? (ለ) ስሙስ «ጦጣ» ነበር ወይ? (ሐ) ብርድ አሎሎዎቹን በእርግጥ ያንከባልላቸዋል ወይ? (መ) የአባባሉ ጥንታዊ ቅርጽ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል ወይ?

መከፋፈሉ የሚያስፈልገው የሐሰት ታሪክ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛ ቁርጥራጮች ስለሚሰፋ ነው። ናስ ከብረት የበለጠ መኮማተሩ እውነት ነው፤ ሰሚው ይህን አንድ እውነት ስለሚያውቅ ቀሪውን ሳይጠይቅ ይቀበላል። ታሪኩ እንዲቆም ግን አራቱም መቆም አለባቸው።

ደረጃ 2፦ ሁለት ዓመተ ምሕረት ይፈልጉ

በመጀመሪያ ቃሉ ወይም አባባሉ በጽሑፍ የተገኘበትን የመጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያም የምንጩ ታሪክ በጽሑፍ የተነገረበትን የመጀመሪያ ዓመት ለየብቻ ይመዝግቡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፈልጎ ሁለተኛውን ይተወዋል፤ ተረትን የሚያጋልጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

«ፖሽ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ቃሉ በእንግሊዝኛ የተንደላቀቀና የሀብታም የሆነ ነገር ማለት ነው። ታሪኩ እንደሚለው ከእንግሊዝ ወደ ሕንድ በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር በኩል የሚጓዙ ባለጸጎች ከፀሐይ ለመሸሽ ሲሄዱ በመርከቡ ግራ ጎን፣ ሲመለሱ በቀኝ ጎን ያለውን ክፍል ይከራዩ ነበር፤ «ግራ መሄጃ፣ ቀኝ መመለሻ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ አራት የመነሻ ፊደሎችም ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ቲኬት ላይ ይታተሙ ነበር። ሁለቱን ዓመታት ያነጻጽሩ። ቃሉ በዛሬው ፍቺው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ይገኛል፤ «ፓንች» የተባለው የለንደን የቀልድ መጽሔት በመስከረም 1918 አንድ ወጣት መኮንን ለእናቱ ሲናገረው አድርጎ አትሞታል። የቲኬቱ ታሪክ ግን የሚታየው በ1935 ነው። ማኅተሙ ያረፈበት ቲኬትም እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ኩባንያው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዚያ መሥመር መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረ መሆኑን ካሰብን አንድ እንኳ አለመትረፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ቃሉ ከየት መጣ? በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የታተመ አንድ የአራዳ ቋንቋ መዝገበ ቃላት «ፖሽ»ን አንድም ገንዘብ፣ አንድም ዘናጭ ሰው ብሎ ይፈታዋል። የገንዘቡ ፍቺ «ግማሽ» ከሚለው የሮማ (ጂፕሲ የሚባለው) ሕዝብ ቃል መጣ ይላሉ፤ ግማሽ ሳንቲም ለማለት። ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወደ «ተንደላቀቀ» የሚያሻግር ማስረጃ ግን በእጅ የለም። ስለዚህ የቲኬቱን ታሪክ ውድቅ ማድረግ ይቻላል፤ የቃሉን ምንጭ ግን ያልተወሰነ ብሎ መተው ግድ ነው።

ደረጃ 3፦ ምንጩ የፊደል ምሕጻር ነው ከተባለ ጥርጣሬዎን ይጨምሩ

በእንግሊዝኛ የመነሻ ፊደሎችን ገጣጥሞ እንደ ቃል የማንበብ ልማድ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ስለዚህ አንድ የቆየ ቃል ከፊደሎች ተገጣጠመ ሲባል ታሪኩ ከቃሉ በኋላ የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ኤስ ኦ ኤስ በዚህ ረገድ የተለየ ጠባይ አለው፤ በእርግጥም ፊደል ነው፣ ነገር ግን የምንም ሐረግ ምሕጻር ሆኖ አልተመረጠም። በሬዲዮ ቴሌግራፍ ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ ያለ ዕረፍት አከታትሎ መላክ ቀላል ነው፤ በጫጫታ መካከል ለሚያዳምጠው ሰው ጆሮም ከሌላ መልእክት ጋር አይምታታም። ጀርመን በ1905 በደንቧ አስገባችው፣ በ1906 የበርሊኑ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተቀበለው፣ ከሐምሌ 1 ቀን 1908 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። «ነፍሳችንን አድኑ» እና «መርከባችንን አድኑ» የሚሉት ሐረጎች በኋላ ለፊደሎቹ የተሰጡ ፍቺዎች ናቸው። ከእርሱ በፊት የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች ከ1904 ጀምሮ ይልኩት የነበረው ሲ ኪው ዲም እንደዚሁ ተተርጉሞለታል፤ «ቶሎ ኑ፣ አደጋ ነው» ማለት ነው ይሉታል። በእውነቱ ሲ ኪው ጣቢያዎችን ሁሉ መጥሪያ የነበረ ምልክት ነው፤ ዲ ጭንቅን ለማመልከት ተጨመረበት። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ሁለቱንም ልካለች።

በአገራችን ብዙ ሰው ኤስ ኦ ኤስን የሚያውቀው ከሕፃናት መንደሮቹ ስም ነው። እዚያም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ድርጅቱ በ1949 ኦስትሪያ ውስጥ ሲመሠረት ፊደሎቹ «ሶሲየታስ ሶሲያሊስ» የሚለውን የላቲን ስም ይወክሉ ነበር። አንድ ዓይነት ፊደል አንድ ዓይነት ምንጭ አለው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን ራሱን ይመርምሩ

የምንጩ ታሪክ በመርከብ ዕቃ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ዕቃው መኖሩን፣ ስሙን፣ አሠራሩንም ከባሕር መዝገበ ቃላት ያጣሩ። ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ከቃላት ይልቅ ዕቃ ለመዋሸት ስለሚያስቸግር ነው፤ ልኬትና ክብደት አለው።

ወደ ናሱ ጦጣ እንመለስ። አሎሎ በመርከብ ላይ የሚቀመጠው እያንዳንዱን በየጉድጓዱ ለመያዝ በተፈለፈሉ ሳንቃዎች ላይ ነበር፤ በማዕበል በምትናወጥ መርከብ ወለል ላይ እንደ ክምር የተደረደረ አሎሎ ብርድ ሳይመጣም ተንዶ መርከበኛውን በጨረሰው ነበር። አሁን ካልኩሌተሩን ያንሡ። ናስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ 19 ሚሊዮንኛ ያህል፣ ብረት ደግሞ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይኮማተራል። ትሪው 1 ሜትር ርዝመት ቢኖረውና ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢወርድ ናሱ በ0.76 ሚሊ ሜትር፣ በላዩ የተደረደረው ብረት በ0.48 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ልዩነቱ 0.28 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት የአሎሎ ክምርን አያፈርስም።

«ሙሉውን ዘጠኝ ያርድ» የሚለው የአሜሪካ አባባል (ሁሉንም ጠቅልሎ እንደማለት) በዚሁ ደረጃ ይወድቃል። «ያርድ» የርዝመት መለኪያ ብቻ ሳይሆን ሸራ የሚሰቀልበት አግዳሚ እንጨትም ስም ስለሆነ፣ ሦስት ምሰሶ ያላት መርከብ በየምሰሶው ሦስት ሦስት አግዳሚ ስላላት ድምሩ ዘጠኝ ነው ይላሉ። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ትልልቅ ሸራ መርከቦች በአንድ ምሰሶ ላይ አራትና ከዚያም በላይ አግዳሚ ነበራቸው፤ ዘጠኙን መዘርጋት ሁሉንም መዘርጋት አይሆንም።

በተቃራኒው ደግሞ ዕቃውን መመርመር አንዳንድ ጊዜ አባባሉን ያጸናዋል። እንግሊዞች በጣም የሰከረን ሰው «ሦስት ሺቱ ነፋስ ላይ የሆነ» ይሉታል። ዛሬ «ሺት» ሲባል አንሶላ ስለሚታሰብ ብዙ የቋንቋው ተናጋሪዎች ራሳቸው ሸራ ይመስላቸዋል። በባሕር መዝገበ ቃላት ግን ሺት የሸራውን የታችኛ ጥግ የሚወጥር ገመድ ነው። ገመዱ ሲፈታ ሸራው በነፋስ ይርገበገባል፣ መርከቧም መሪ እንዳጣ ትንገዳገዳለች። አባባሉ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጽሑፍ ሲገኝ ፍቺውም አነጋገሩም ከዚህ ጋር ስለሚገጥም የመርከበኞች ነው ብሎ መመዝገብ ይቻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዕቃው መኖሩ ብቻውን አባባሉ ከዕቃው መምጣቱን አያረጋግጥም። ይህን ስድስተኛው ደረጃ ላይ ያዩታል።

ደረጃ 5፦ የአባባሉን ልዩ ልዩ ቅርጾች ይሰብስቡ

አባባል ከመርጋቱ በፊት በብዙ መልክ ይዞራል። የምንጩ ታሪክ የሚሠራው ግን ለዛሬው መልክ ነው፤ ስለዚህ የድሮዎቹን ቅርጾች መሰብሰብ ታሪኩን በቀላሉ ይፈትነዋል። ራሱ መርከበኛ የነበረው ኸርማን ሜልቪል በ1847 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የናስ ጦጣ ይገኛል፤ የሚናገረው ግን ስለ ሙቀት ነው፤ የናስ ጦጣን አፍንጫ የሚያቀልጥ ሙቀት ይላል። ሌሎች የቆዩ ቅርጾች ደግሞ በብርድ የሚረግፈውን ጭራ ያደርጉታል። አሎሎ አፍንጫም ጭራም የለውም፤ በሙቀትም አይረግፍም። ቅርጾቹን ሁሉ የሚሸከመው ቀላሉ ማብራሪያ ጦጣው እውነተኛ የጦጣ ምስል መሆኑ ነው፤ ከናስ የተሠሩ የጦጣ ምስሎች ደግሞ ከእስያ ብዙ ይመጡ ነበር።

የዘጠኙ ያርድም ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃለታል። አጥኚዎች በድሮ ጋዜጦች ውስጥ ባደረጉት ፍለጋ በ1907 ኢንዲያና ውስጥ «ሙሉ ዘጠኝ ያርድ»፣ በ1912 ኬንታኪ ውስጥ «ሙሉ ስድስት ያርድ» የሚል አግኝተዋል። ቁጥሩ እንዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ በቁጥሩ ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ ሁሉ፣ የመርከቡም ሆነ ሌሎች የሚያነሡት የጨርቅ ወይም የአውሮፕላን ጥይት ዝናር ርዝመት፣ መሠረት የለውም። ሁለቱ ግዛቶች ከባሕር ምን ያህል የራቁ መሆናቸውንም በካርታ ላይ ማየት ነው።

ለፍለጋው አንድ ተግባራዊ ምክር፦ እስከ 1800 አካባቢ በታተሙ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ «ኤስ» የሚለው ፊደል በቃል መጀመሪያና መካከል «ኤፍ»ን በሚመስል ረጅም ቅርጽ ይታተም ነበር። ኮምፒውተሩ አሳስቶ ስለሚያነበው «ሺፕ» ሲሉ ያላገኙትን በ«ኤፍ» ጽፈው ሲፈልጉ ያገኙታል።

ደረጃ 6፦ አባባሉ ከየት ወደ የት እንደተጓዘ ይወስኑ

መርከበኞች ቃል ለየብስ ሰጥተዋል፤ ከየብስም ወስደዋል። አንድ ቃል በመርከብ ላይ መነገሩ በመርከብ ላይ መወለዱን አያሳይም። ለዚህ አጭሩ ማስረጃ ዛሬ እያንዳንዱ መርከበኛ የሚያውቀው «ሜይዴይ» የተባለው የጭንቅ ጥሪ ነው። ጥሪው ከባሕር አልወጣም፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የለንደኑ ክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ኃላፊ ፍሬድሪክ ሞክፎርድ ከፈረንሳይኛው «እርዱኝ» የወሰደው ነው፤ በረራው የበዛው በክሮይደንና በፓሪሱ ለ ቡርዤ መካከል ስለነበር ለሁለቱም ወገን የሚገባ ቃል ተፈልጎ ነው። በ1927 የዋሽንግተኑ ስምምነት ዓለም አቀፍ አደረገው።

ይበልጥ የተወሳሰበው «ለዲያብሎስ መክፈል» የሚለው ነው፤ ከባድ ጣጣ መጣ ለማለት ይነገራል። የባሕር ሰዎች ማብራሪያ የሚከተለው ነው። የእንጨት መርከብ ሳንቃዎች መጋጠሚያ ውኃ እንዳያስገባ በቃጫ ይጠቀጠቅና በፈላ ቅጥራን ይለቀለቃል። ይህ መለቅለቅ በእንግሊዝኛ «ፔይ» ይባላል፤ ገንዘብ ከመክፈል ጋር ድምፁ አንድ ቢሆንም ምንጩ ሌላ ነው፣ ቅጥራን ከሚለው የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ። ለመድረስ እጅግ የሚያስቸግረው መጋጠሚያ ደግሞ «ዲያብሎስ» ይባል ነበር። ስለዚህ አባባሉ «ዲያብሎስ የሚለቀለቅ አለ፣ የፈላ ቅጥራን ግን የለም» ማለት ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ የሁለተኛውን ደረጃ መሣሪያ መልሰው ይጠቀሙ። ለዲያብሎስ መክፈል ወደ 1500 አካባቢ በተጻፈ ግጥም ውስጥ ይገኛል፤ ዐሳቡም ግልጽ ነው፣ ከሰይጣን ጋር የተዋዋለ ዕዳውን ይከፍላል። «የፈላ ቅጥራን የለም» የሚለው ቅጥያ በ18ኛው መቶ ዘመን ይመጣል፤ «ዲያብሎስ» የሚባለው መጋጠሚያ ተብራርቶ የሚገኘው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ በስሚዝ የ1867 መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው። ከዚህ ቅደም ተከተል የሚወጣው ፍርድ አባባሉ ከየብስ ወጥቶ ወደ ባሕር መግባቱ፣ ባሕር ላይ መርከበኞች በ«ፔይ» ሁለት ትርጉም ሰምና ወርቅ መሥራታቸው ነው። ሰሙን አይቶ ወርቁን ምንጭ ማድረግ ስሕተት ይሆናል፤ ወርቁ የለም ማለትም እንደዚያው። በጽሑፍዎ ሁለቱንም ይመዝግቡ።

ከባሕር ወደ የብስ ለተጓዘው ምሳሌ «ባይ ኤንድ ላርጅ» ይበቃል። ዛሬ «በጥቅሉ ሲታይ» ማለት ነው። በሸራ ዘመን «ባይ» ማለት መርከቧ ነፋሱን በተቻለ መጠን ወደ ፊት ለፊቷ ይዛ ስትሄድ፣ «ላርጅ» ማለት ነፋሱ ከጎንና ከኋላ ሲገፋት ነው፤ በሁለቱም የምትሄድ መርከብ በማንኛውም ነፋስ ትሄዳለች ማለት ነው። ሳሙኤል ስተርሚ በ1669 ባሳተመው የመርከበኞች መመሪያ ውስጥ ሁለቱ ቃላት በዚህ ፍቺ አብረው ይገኛሉ፤ የየብሱ ፍቺ ከዚያ በኋላ ይከተላል። የባሕሩ ፍቺ መቅደሙ፣ ፍቺው ሲሰፋም መንገዱ መታየቱ፣ ውሳኔውን ቀላል ያደርገዋል።

ደረጃ 7፦ ቃሉ ከሌላ ቋንቋ መጣ ከተባለ እያንዳንዱን መቆሚያ ያረጋግጡ

ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ቃላትን ማዛመድ ለእኛ ልዩ ፈተና ነው፤ አማርኛም ዐረብኛም ግእዝም በጆሯችን ስላሉ የእንግሊዝኛውን ቃል ሰምተን ዘመዱን ለማግኘት እንቸኩላለን። በቅድሚያ ማየት ያለብዎ ቃሉን ተቀባዩ ከሰጪው ጋር የተገናኘበትን ጊዜና ቦታ ነው።

መንገዱ ሙሉ የሆነው «ሞንሱን» ነው። የዐረብኛው «መውሲም» (የተወሰነ ወቅት) በሕንድ ውቅያኖስ የመርከብ ጉዞ ለሚጀመርበት ጊዜ ይነገር ነበር፤ ፖርቱጋሎች ወሰዱት፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። እያንዳንዱ መቆሚያ በጽሑፍ አለ፣ የጊዜው ቅደም ተከተልም ከመርከበኞቹ ታሪክ ጋር ይሄዳል።

«ጆሊ ቦት» ግን እንዲህ አይደለም። የአንዲትን መርከብ ትንሽ አገልጋይ ጀልባ የሚጠራውን ይህን የእንግሊዝኛ ስም የ19ኛው መቶ ዘመን ምሁራን በሕንድ ምዕራብ ጠረፍ ከነበረው «ጋሊቫት» ከተባለ የጦር ጀልባ ጋር፣ እሱንም ከቀይ ባሕሩ «ጀልባ» ጋር አያይዘውት ነበር። የቀይ ባሕሩ ቃል ጥንታዊነት አያጠራጥርም፤ የአንዳሉሱ መንገደኛ ኢብን ጁበይር በ1183 ዐይዛብ ወደብ ላይ ያያቸውን፣ ሚስማር ሳይገባባቸው በኮኮነት ቃጫ ገመድ የተሰፉ ጀልባዎች በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። አማርኛችንም ይህንኑ ቃል ይጋራል። ስለዚህ የእኛው «ጀልባ» እንግሊዝኛ ገባ ማለት ያጓጓል። ነገር ግን በእንግሊዝ የባሕር ኃይል መዝገብ ውስጥ «ጆሊዋት» የሚባል ትንሽ ጀልባ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ተመዝግቦ ይገኛል። ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰው በ1498 ነው፤ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የተቋቋመው በ1600። «ጆሊ ቦት» ከ«ጆሊዋት» የመጣ ከሆነ የሕንዱና የቀይ ባሕሩ መንገድ በጊዜ ተዘግቷል። ሌሎች ደግሞ «ጆሌ» ከሚለው የሰሜን አውሮፓ የጀልባ ስም ያመጡታል። ውሳኔው፦ ያልተወሰነ፤ የቀይ ባሕሩ ግን የማይመስል።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ በቃሉ ውስጥ የታወቀ ቃል ሲታይም ያስፈልጋል። የመርከብ ቀኝ ጎን «ስታርቦርድ» ሲባል ኮከብ የሚል ቃል ስለሚሰማ ከከዋክብት ጋር የሚያገናኙት አሉ። በ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በንጉሥ አልፍሬድ ዘመን በተጻፈ የጉዞ ታሪክ ውስጥ ቃሉ በጥንታዊ ቅርጹ «ስቴኦርቦርድ» ተብሎ አለ፤ ይህም የመሪው ጎን ማለት ነው፣ መሪው መቅዘፊያ በቀኝ ጎን ይታሰር ስለነበር።

ደረጃ 8፦ ውሳኔዎን በአራት ደረጃ ይስጡና ይጻፉት

አራቱ ደረጃዎች «የተረጋገጠ»፣ «የሚያመዝን»፣ «ያልተወሰነ» እና «ውድቅ» ናቸው። ለቃሉና ለታሪኩ ለየብቻ ይስጡ፤ «ፖሽ» ላይ እንዳየነው አንዱ ያልተወሰነ ሲሆን ሌላው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ሲጽፉ «ይባላል» በሚለው ቃል አይሸፈኑ፤ ማን፣ መቼ እንዳለ ይግለጹ፣ አለዚያ አንባቢው የእርስዎን ፍርድ ከሐሜቱ መለየት አይችልም። አንድ የተሟላ ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

«ፖሽ፦ ምንጩ ያልተወሰነ። ከመርከብ ቲኬት መጣ የሚለው ታሪክ ውድቅ፤ ቃሉ በ1918 ታትሞ ሲገኝ ታሪኩ በ1935 ነው የሚታየው፣ ማኅተሙ ያለበት ቲኬትም አልተገኘም።»

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

የመጀመሪያውን የጽሑፍ ዓመት የልደት ዓመት ማድረግ። በተለይ የመርከበኛ ንግግር ከመጻፉ በፊት ለዓመታት በአፍ ይኖራል። ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ልዩነት ታሪክን አይጥልም፤ «ለዲያብሎስ መክፈል» ላይ እንዳለው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲሆን ግን ይጥላል።

ድግግሞሽን ማስረጃ ማድረግ። አንድን ታሪክ ሃያ መጻሕፍት ቢደግሙት፣ ሁሉም ከአንድ ቀድተው ከሆነ ያለዎት አንድ ምስክር ነው። የሙዚየም መርከብ አስጎብኚ፣ ካፒቴን ቢሆንም እንኳ፣ ስለ መርከቡ እንጂ ስለ ቃሉ ምስክር አይደለም።

አንዱን ታሪክ ጥሎ ሌላውን ሳይፈትኑ መቀበል። ዘጠኙ ያርድ ከሸራ አልመጣም ማለት ከአውሮፕላን የጥይት ዝናር መጣ ማለት አይደለም፤ 1907 ላይ እንዲህ ያለ ዝናር የታጠቀ አውሮፕላን አልነበረም።

የኮምፒውተር ፍለጋ ያሳየውን ዓመት ማመን። በጎግል ቡክስ ላይ የመጽሔት ቅጾች ብዙ ጊዜ መጽሔቱ በተመሠረተበት ዓመት ይመዘገባሉ፤ 1850 የሚል ያዩት ገጽ የ1920 ሊሆን ይችላል። የርእስ ገጹን ከፍተው ዓመቱን በዓይንዎ ያንብቡ።

የዘመን አቆጣጠርን ማደባለቅ። ይህ የእኛው ችግር ነው። አንድ የአማርኛ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ሳይል «1908» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው 1915 ወይም 1916 ላይ ሊያደርሰው ይችላል፤ እንደ ኤስ ኦ ኤስ ባለ በጥቂት ዓመታት በሚለካ ጉዳይ ላይ ይህ ብቻውን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በሠንጠረዥዎ ውስጥ ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር ያስገቡ።

መዝገበ ቃላቱ ከያዘው ዓመት የሚቀድም ጽሑፍ ያገኙ እንደሆነ የኦክስፎርድ አዘጋጆች ከማንኛውም አንባቢ ማስረጃ ይቀበላሉ። ሲልኩ ዐረፍተ ነገሩ ያለበትን ገጽ ምስል ከርእስ ገጹ ምስል ጋር አያይዙት፤ ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ቀድተው ቢልኩ ዓመቱን ሊያረጋግጡ ስለማይችሉ አይመዘገብልዎትም።